የጓሮዋ ዝንብ ማን ናት? ስሟስ ለምን ይቀያየራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈካ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከሆለታ የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ ዝንብ ያዘነብላሉ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሳይንሳዊ ስሞች ታሪክ የሚመዘገበው በዚያ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጎመኔን ክሽክሽ ወርሮታል። ከላዩ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ትናንሽ ተርቦች ያንዣብባሉ። ቅጠሉ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ትል አግኝቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ ብረጫቸውስ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ መርጫውን ለጊዜው ያስቀምጡት። ተርብ ያሏቸው ዝንቦች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሲርፊዴ ከሚባለው ቤተሰብ። በአማርኛ የጸና ስም ስለሌላቸው እዚህ «አንዣባቢ ዝንብ» እንላቸዋለን። መናደፊያ የላቸውም። የተርብ መልክ የያዙት ወፍ እንዳይደፍራቸው ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። አንዷን በብርጭቆ ይክደኑና ከሥር ወረቀት አሾልከው ወደ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ያስተላልፏት፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩአት። ከላይኛው በረዶ ቤት ግን አያስገቧት፤ እዚያ ትሞታለች። ደንዝዛ ስትወጣ ክንፏን ይቁጠሩ። ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው። ሆኖም የፊተኛውና የኋለኛው ክንፍ በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ ሁለት ብቻ መስለው ይታያሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእንጨት ጫፍ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉት። ዝንብ ከሆነች ከሁለቱ ክንፎች ኋላ ሌላ ክንፍ የለም። በቦታው ጫፏ እንደ ክብሪት ራስ የተድቦለቦለች ቀጭን ዘንግ በግራና በቀኝ ትታያለች፤ ዝንቧ በበረራ ላይ ሚዛኗን የምትጠብቀው በእሷ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ባወጣው ምደባ ዝንቦችን ያሰባሰበበት «ዲፕቴራ» የሚለው ስምም በግሪክኛ «ሁለት ክንፍ» ማለት ነው።

ዝንብ መሆኗ ከታወቀ በኋላ አንዣባቢነቷን የሚመሰክር ሌላ ምልክት አለ። ክንፏን ወደ ብርሃን አቅንተው 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። በክንፉ መሃል ከሌሎቹ ጅማቶች ጋር ሳይገናኝ የሚያልፍ፣ እንደ እጥፋት የደበዘዘ መስመር ካለ ሲርፊዴ ናት ማለት ይቻላል። ሁለቱ ዓይኖች አናት ላይ ከተጋጠሙ ወንድ ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት።

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ጎመን ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚገኝ ትል ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ልጅ ነው። ይህኛው ክብ ራስ አለው፤ ከፊት ሦስት ጥንድ እግሮች ይታያሉ፤ ቅጠሉንም ይበሳል። ሌላው የአንዣባቢ ዝንብ እጭ ነው። እግር የለውም፤ ራሱም ተለይቶ አይታይም፤ ከፊት ይሾላል፣ ከኋላ ይደነድናል። ቆዳው ስስ ስለሆነ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ከውጭ ይታያል። በማጉያ ሲያዩት ፊቱን አንስቶ እንደ ዕውር በትር ግራና ቀኝ ይዳስሳል። ክሽክሽ ሲነካ ወግቶ ከቅጠሉ ያነሳዋል፤ በአየር ላይ እንዳንጠለጠለው ፈሳሹን መጥጦ ባዶ ቆዳውን ይጥላል። አንድ እጭ እስኪያድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ሊጨርስ ይችላል።

ካላመኑ ይፈትኑት። 20 ክሽክሽ ያለበትን ቁራጭ ቅጠል ከትሉ ጋር ነጭ ሳህን ላይ አድርገው በስስ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩት፤ ብዙዎቹ የሚበሉት ሌሊት ስለሆነ ጠዋት መቁጠር ይሻላል። በክሽክሹ መካከል ነጠላ ነጠላውን የተቀመጡ፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ነጫጭ እንቁላሎችም የእነዚሁ ናቸው። ቅጠል ላይ የተጣበቀች፣ የውሃ ጠብታ የመሰለች ቡናማ ቅርፊት ካገኙ እጩ ወደ ዝንብ የሚለወጥባት ፑፓ ናት። ጎመን ሲቀነጥሱ እነዚህን የያዘውን ቅጠል እዚያው ማሳው ላይ ይተዉት።

እጭ ያልታየበትን ተክል ብቻ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይቻላል፦ ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካልተቃጠለ ሲመሽ ይርጩ። የጎመን ክሽክሽ አመድ የመሰለ ሰም ስለሚለብስ ከላይ የተረጨው ይንሸራተታል፤ የቅጠሉን ጀርባ በጣት ማሸት ግድ ነው። ሳሙናው የአንዣባቢዋንም እጭ እንደሚገድል አይዘንጉ። በመደቡ ዳር ድንብላልና እንስላል ይዝሩና እንዲያብቡ ይተዉአቸው። እናቲቱ የምትኖረው በአበባ ወለላና በአበባ ብናኝ ነው። ድንብላሉን በየ3 ሳምንቱ እየደገሙ ከዘሩት አበባ አይቋረጥባትም።

ጥያቄ፦ ቲማቲም ስነካ ብን የምትለው «ነጭ ዝንብ»ስ? እሷም ወዳጅ ናት? (ከሰበታ)

መልስ፦ ወዳጅም ዝንብም አይደለችም። ክንፏን ቢቆጥሩ አራት ነው፤ አፏ እንደ መርፌ ተክል የሚመጥ ነው። የቅርብ ዘመዷ ክሽክሽ ነው። ክፍለ መደቧ ሄሚፕቴራ ይባላል። ቆየት ያሉ የትምህርት መጻሕፍት ግን «ሆሞፕቴራ» ይሏታል፤ ያ ክፍለ መደብ የአንድ ዘር ሐረግ አለመሆኑ ስለታወቀ ዛሬ አይሠራበትም። ለዝንብ የታሰበ ዘዴ እሷ ላይ አይሠራም። እጮቿ ቅጠል ጀርባ ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ መጀመሪያ የታችኛዎቹን ቅጠሎች ገልብጠው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የቲማቲሟ ቱታ አብሶሉታ ስሟ ተቀይሯል ይባላል። የማንጎ ዝንቧንም አንዱ ጽሑፍ ኢንቫደንስ፣ ሌላው ዶርሳሊስ ይላታል። ለገበሬው የትኛውን ልንገረው? ማስታወሻዬን በየዓመቱ ላርመው ነው? (ከሆለታ፣ በግብርና ሥራ ላይ ያለ አንባቢ)

መልስ፦ የነፍሳት ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። ከእኛ ስም ጋር ቢነጻጸር የአባት ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። የፊተኛው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይጠራል። ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው የአባትየው ነው። ልጅቱ ያው ናት፤ አባቷ ሌላ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ቱታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት (እሷ የእሳት እራት እንጂ ዝንብ አይደለችም፤ ቢሆንም ደንቡ አንድ ነው)። ሜይሪክ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ በ1917 ሲሰይማት ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትዛወር ቆይታ በ1994 ቱታ ውስጥ ገባች። ወደ ኢትዮጵያ በ2012 ስትደርስ ሁላችንም የለመድናት በዚህ ስሟ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ መጀመሪያው ወገኗ መለሳት። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ አንድ ዝርያ ከመጀመሪያው ወገኑ ወጥቶ ሌላ ውስጥ ከገባ የሰያሚው ስምና ዓመቱ በቅንፍ ይከበባሉ። ስለዚህ ቱታ ስትባል «(ሜይሪክ፣ 1917)» ይጻፋል፤ ፍቶሪሜያ ስትባል ቅንፉ ይወልቃል። ቅንፍ ካዩ «ይህች ቀድሞ ሌላ ስም ነበራት» ማለት ነው፤ የቀድሞውን ፈልገው የቆዩ ጽሑፎችን ያገኛሉ። ብዙ ሰው የጌጥ ምልክት ይመስለዋል።

የማንጎ ዝንቧ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በ2003 ኬንያ ውስጥ ተገኘች፤ በ2005 ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ ተብላ እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። በኋላ የመልኳ መለኪያዎች፣ ዘረ መሏና እርስ በርስ የመዳቀል ችሎታዋ ሲመረመር በእስያ ከቆየችው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የሚለያት አልተገኘም። በ2015 ሁለቱ አንድ ተደረጉ። በስያሜ ደንብ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናልና በ1912 የወጣው ዶርሳሊስ ቀረ። ለገበሬው ትርጉም ያለው ለውጥ ይህ ነው፦ በእስያ ስለ ዶርሳሊስ ማጥመጃና አያያዝ የተጻፈው ሁሉ እዚህም ያገለግላል። በተቃራኒው አንድ የነበረው ሁለት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ2016 ሴራቲቲስ ሮዛ ከምትባለው የአፍሪካ የፍሬ ዝንብ ሴራቲቲስ ኪሊቺ ተነጥላ ወጥታለች። ከዚያ ዓመት በፊት «ሮዛ» ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ ናሙናው ካልተቀመጠ በስተቀር የትኛዋ እንደነበረች መለየት አይቻልም።

ሁሉም ለውጥ ደግሞ አይጸናም። የቢጫ ወባና የደንጊ በሽታ አስተላላፊዋን ትንኝ ኤዴስ ኤጂፕቲ በ2004 አንድ ቡድን «ስቴጎማያ» ወደሚል ወገን አዛወራት፤ ብዙ መጽሔቶች አልቀበልም አሉ፤ በ2015 ሌላ ጥናት ወደ ኤዴስ መለሳት። በየዜናው የሚሮጥ ሰው ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ ሰርዞ መነሻው ላይ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ ስም በአንድ ጽሑፍ ላይ ስለወጣ ብቻ አይቸኩሉ፤ «ሲስቴማ ዲፕቴሮረም» በሚባለው የዓለም የዝንብ ስሞች መዝገብ ላይ መስፈሩን ይዩ።

ማስታወሻውን በተመለከተ፦ የድሮውን ስም ፈጽሞ አይሰርዙ። ለእያንዳንዱ ናሙና ቁጥር ይስጡ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታና የተገኘችበትን ተክል ይጻፉ። ስሟን ለብቻው በሆነ ዓምድ ያስፍሩ፤ ከጎኑ «በምን መለያ፣ መቼ፣ በማን» የሚል ይኑር። ስም ሲቀየር ከሥሩ አዲስ መስመር ይጨምሩ። ለገበሬው ግን «የማንጎ ዝንብ» ይበቃዋል። በመድኃኒት መመሪያ ወይም በኳራንቲን ወረቀት ላይ ሲጽፉ ሁለቱንም ስሞች ያስቀምጡ፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሠራተኛ የሚጠቀምበት የስም ዝርዝር የትኛው ዓመት ላይ እንደቆመ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ከላሞቼ በረት በሚወጣው የፍግ ውሃ ውስጥ እንደ አይጥ ጭራ ያላቸው ትሎች ተንጋግተዋል። ላሞቹን ይጎዱብኛል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አይጎዱም። ጭራ የመሰለዎት መተንፈሻ ቱቦ ነው፤ እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተመዘዘ ከገላው በላይ ይረዝማል። ትሉ አየር ያጣ ቆሻሻ ውሃ ሥር ሆኖ ጫፉን ብቻ ከላይ ያወጣል። የኤሪስታሊስ እጭ ነው፤ እሷም ከአንዣባቢዎቹ ቤተሰብ ናት። ስታድግ ቁርጥ ንብ ትመስላለች፤ አበባ ላይም ከንብ ጋር ትውላለች። የኋላ እግሯ ላይ ግን ንብ የአበባ ብናኝ የምትሸከምበት ጠፍጣፋ ቅርጫት የለም። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከሞተ በሬ ንብ ይወለዳል የሚሉት ይህችን ዝንብ አይተው ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። የሳምሶንን አንበሳም ከዚህ ጋር ያያያዙ አሉ፤ እዚያ ግን ማር ነበረ፣ ዝንብ ደግሞ ማር አትሠራም።

እርስዎን የሚያሳስበው ሌላ ነው። ላሞቹ እግራቸውን መሬት ላይ ደጋግመው ከመቱ እግራቸው ላይ የተቀመጠችውን ዝንብ በቅርብ ይዩ። የቤት ዝንብ አፍ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከራሷ ሥር እንደ እሾህ ወደ ፊት የወጣ ነገር ካለ ስቶሞክሲስ የምትባለው ደም መጣጭ ናት። የምትራባው ሽንትና ፍግ በነካው እርጥብ ገለባ ውስጥ ስለሆነ ገለባውን በየሳምንቱ አውጥተው በስሱ ያስጡት፤ ከደረቀ እጩ አይተርፍም። ፍጉን ጠርጎ እርጥቡን ገለባ ከገንዳው ሥር መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ዘይቱና ትል አለው። ጠላ ላይ የሚያንዣብቡት ትንኞች የጣሉት ነው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ የጠላ ትንኝ ድሮሶፊላ ናት፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ዓይነ ቀይ። አብዛኞቹ ዝርያዎቿ እንቁላል የሚጥሉት የተሰነጠቀና መፍላት የጀመረ ፍሬ ላይ ነው። ጤነኛ ፍሬ ወግታ የምትጥለው ተፍሪቲዴ የተባለው ቤተሰብ ናት፤ ከቤት ዝንብ ብዙም አታንስም። ትሉን ጠረጴዛ ላይ ቢያኖሩት የተፍሪቲዴው፣ ለመለወጥ ከደረሰ፣ ተጠማዝዞ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ይዘላል። ድሮሶፊላ ይህን አታደርግም።

የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች ከትሉ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው፤ ማሳደግ ይሻላል። ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የተነፋና እፍኝ ሲያደርጉት ውሃ የማይወጣው እርጥብ አሸዋ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንጥፉ። ከላዩ ወንፊት አድርገው ፍሬውን ያስቀምጡ፤ አፉን በስስ ጨርቅና በላስቲክ ይሰሩ። ወንፊቱ ከሌለ የፍሬው ጭማቂ አሸዋውን ያጨቀየውና ፑፓዎቹ ይሻግታሉ። ከ10 ቀን በኋላ አሸዋውን ነፍተው እንደ ስንዴ ፍሬ ያሉ ቡናማ ፑፓዎችን ይልቀሙና ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውሩ። በእኛ ብርድ ዝንቧ እስክትወጣ አንድ ወር ሊደርስ ይችላል፤ ሞተ ብለው አይድፉት። ስትወጣ ወዲያውኑ አይግደሏት። መልኳ ገና ስላልጠና ገርጥታ ትታያለች፤ በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ ሰጥተው ከ3 እስከ 4 ቀን ያቆዩአት። ክንፏ ጥርት ያለ ሆኖ የፊቱ ጠርዝ ብቻ ከጠቆረ፣ ደረቷ ላይ በግራና በቀኝ ቢጫ መስመር፣ ሆዷ ላይ ራሱ የተቆረጠ መስቀል (T) የመሰለ ጥቁር ምልክት ካለ ዶርሳሊስን ይጠርጥሩ። ክንፏ በቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ከተዥጎረጎረ ወደ ሴራቲቲስ ያዘነብላል።

የተረፈውን ፍሬ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት፤ እዚያ ተመችቷት ታድጋለች። በወፍራም ጥቁር ፌስታል አስረው ለ2 ሳምንት ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አፕ ላይ ስጭን ሁሌ የአውሮፓ ዝንብ ስም ይሰጠኛል። ናሙናስ በምን ልያዝ? (ከአቃቂ)

መልስ፦ እንደ አይናቹራሊስት ያሉት አፖች የተማሩበት ፎቶ አብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን ይጠራሉ። ቤተሰቡን ብዙ ጊዜ ያገኙታል፤ ዝርያውን ግን አይመኑ። «ሲርፊዴ» ብሎ መቆም ነውር የለውም፤ የተሳሳተ ዝርያ ከመጻፍ በእጅጉ ይሻላል። ሦስት ፎቶ ያንሱ፦ ክንፉ ተዘርግቶ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ለፊት። ፍላሽ ክንፉን ያንጸባርቀዋልና ያጥፉት፤ ደመናማ ጠዋት ተመራጭ ነው። ከዝንቧ አጠገብ ማስመሪያ ያድርጉ። ከዚያ በላይ መሄድ ከፈለጉ በደቡብ አፍሪካ ከ2017 ጀምሮ የታተመው የአፍሪካ ዝንቦች ማንዋል ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቅጽ ቤተሰብ የሚለይበት ቁልፍ፣ ማለትም ቁጥር በተሰጣቸው ምርጫዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ስሙ የሚያደርስ ዝርዝር አለው። የተጠራጠሩበትን የቁልፍ ቁጥር ይመዝግቡ፤ ስህተት ሲገኝ ተመልሰው የሚገቡበት በር እሱ ነው።

ናሙና ሲይዙ ትልቋን ዝንብ ከደረቷ በስተቀኝ በቀጭን መርፌ ወግተው ያድርቋት። መሃሉን ከወጉት ለመለየት የሚጠቅመው ጸጉር ይበላሻል። እጭ ግን ቢደርቅ ይጨማደዳል። ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ከነከሩት በኋላ ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ያኑሩት፤ በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከገባ ይጠቁራል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ይበቃል። አረቄ አይሆንም፤ አልኮሉ ስለሚያንስ እጩ ይሟሟል። ለዘረ መል ምርመራ ከታሰበ ደግሞ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በክረምት የደረቁ ናሙናዎች ሻጋታ ስለሚወርሳቸው ሳጥኑ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይጨምሩ።

መለያ ጽሑፉን በእርሳስ ይጻፉና አልኮሉ ውስጥ ይክተቱት። የስክሪፕቶ ቀለም ይለቃል፤ ከዕቃው ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ ይወድቃል። ቀኑን ሲጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አይዝለሉ። «12/1/2018» ብቻ ካሉ በእኛ አቆጣጠር የመስከረም ዝንብ የሆነችውን ሌላ አገር ያለ መርማሪ የጥር ወይም የታኅሣሥ ያደርጋታል፤ በዚያ ላይ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳታል።